የሰው ፎቶ እዚህ አያድርም

ሱቄ ግድግዳ ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። በአማርኛም በዓረብኛም የሚለው አንድ ነገር ነው፦ «የሰው ፎቶ እዚህ አያድርም»። የጻፍኩት እኔ ነኝ። አብዱልናስር እባላለሁ፤ ጎንደር ተወልጄ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ስልክ እጠግናለሁ፣ ሚሞሪ ላይ ዘፈንና መንዙማ እጭናለሁ፣ ኮምፒውተር የተበላሸበትም ወደ እኔ ይመጣል። ፕሮግራም መጻፍ ግን አልችልም፤ እችላለሁ ብዬም አላውቅም።

ወረቀቱን የለጠፍኩት በምክንያት ነው። እዚሁ እኛ መስመር ላይ አንድ ጠጋኝ የአንዲት ልጅ ስልክ ለሥራ ተቀብሎ ውስጡ ያለውን ፎቶ ለጓደኞቹ አሳየ። ልጅቷ ታጭታ ነበር፤ ጋብቻው ፈረሰ፣ ቤተሰቡም አፍሮ ካሰላ የሚባል ሌላ ከተማ ገባ። ያን ጊዜ ማልኩ። ሐሙስ ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ የሱቁን በር ገርበብ አድርጌ ኮምፒውተሬ ውስጥ የቀረ የሰው ፎቶ ካለ እየፈለግኩ አጠፋለሁ። ፎቶ ያገኘሁበትን ፎልደር አንድ በአንድ ስመርጥ አልውልም፤ ውስጡን እንዳለ ነው የምጠርገው። የተሰረዘ ፋይል ተመልሶ እንደሚወጣ ደግሞ እኔ ጠጋኙ አውቃለሁ፣ ስንቱን አውጥቻለሁ። ስለዚህ ፋይሉ የነበረበት ቦታ ላይ ደጋግሞ ዜሮ የሚጽፍ ፕሮግራም አለኝ። እሱ ካለፈበት በኋላ እኔም ራሴ ላምጣው ብል አላመጣውም። ይህን ለደንበኛ ስናገር ደረቴን ነፋ አድርጌ ነው። ባለቤቴ ባሕሪያ «ይህን ምላስህን ለዚክር ብታውለው ኖሮ ጀነት በገባህ» እያለች ታሾፍብኛለች። ታሹፍ። ገዳሪፍ ውስጥ ሴት ልጅ ስልኳን ያለ ሐሳብ የምትሰጠው ለእኔ ነው።

ኢሀብ የጎረቤቴ ልጅ ነበር። ነበር የምለው ሞቶ አይደለም፣ ሄዶ ነው። እዚሁ ተወልዶ፣ ካርቱም ኮምፒውተር ተምሮ፣ ጦርነቱ ሲመጣ አንድ ቦርሳ ይዞ ተመለሰ። ሥራ የለም፤ ቀኑን ሙሉ እኔ ሱቅ ይቀመጣል፤ አማርኛ ከልጅነቱ ከእኔ ለምዷል። ከሱቄ ፊት ለፊት የሰሊጥ አጫጆችን ከድንበሩ፣ ከገላባት፣ የሚያመጣው ሎሪ ይቆማል። ልጆቹ ከቋራ፣ ከመተማ፣ ከአርማጭሆ የሚመጡ ናቸው። አንዱ ወኪል ብቅ ይልና ሃያውን ቆጥሮ ወደ አንዱ መሽሩዕ ይጭናቸዋል። መሽሩዕ ዓይን እስኪደክም የሚሄድ የእርሻ መሬት ነው፤ ከባለቤቱ ስም በቀር መጠሪያ የለውም። አጫጁ የት እንደሚወስዱት አያውቅም፣ እናቱም አታውቅም። ቢታመም እዚያው፣ ቢሞትም እዚያው ነው። ኢሀብ ይህን ሲያይ ከርሞ ተናደደ፤ ተናዶም ዝም አላለም።

ጃቫስክሪፕት በሚሉት የፕሮግራም ቋንቋ አንድ ፕሮግራም ሠራ። አጫጁ ሎሪ ከመሳፈሩ በፊት እኔ በር ላይ ይቆማል፤ ኢሀብ ፎቶ ያነሳዋል፣ ስሙን፣ አገሩን፣ የወኪሉን ስምና የሚሄድበትን መሽሩዕ ይጽፋል። ከዚያ ቁጥር ይሰጠዋል። «ይህን ቁጥር ለእናትህ ንገራት፤ ከጠፋህ እዚህ መጥታ ትጠይቀን» ይለዋል። ለአንድ ሰው አንድ ፎልደር ነው፤ ፎልደሩ ላይ ቁጥሩ፣ ውስጡ ፎቶውና መረጃው። በአንድ የሰሊጥ ወቅት ስድስት መቶ ምናምን ሰው መዘገበ። አንድም ሰው አላዘዘው፣ አንድም ሰው አላመሰገነው።

ጥር ላይ ወደ ግብፅ ለመሄድ ተነሳ። ሊሄድ ሲል ያን ፕሮግራም ኮምፒውተሬ ላይ ገለበጠልኝ። «ዓሚ፣» አለኝ፤ አጎቴ ማለቱ ነው፣ «አንዱን ከባድ ፎልደር አውጥቼዋለሁ። ሠላሳ ሺህ ትንንሽ ፋይል ነው፣ ሲገለበጥ አያልቅም፤ እሱ ኢንተርኔት ባለበት ይመለሳል። የቀረውን ግን እንዳለ ተወው።» እኔ የሰው ስልክ ፈትቼ ብሎኖቹ እጄ ላይ ነበሩ፤ በግማሽ ጆሮዬ ሰማሁትና እሺ አልኩት። ከሳምንት በኋላ በመንገዱ ካለችው ከተማ ከአትባራ ደውሎ ላፕቶፑን ኬላ ላይ እንደወሰዱበት ነገረኝ። ከዚያ ወዲያ ስልኩ ዝግ ነው።

ማሬ የመጣችው የካቲት መጨረሻ ላይ ነው። አምሳ ዓመት የሚሆናት፣ ቀጠን ያለች፣ እግሯ አቧራ የለበሰ ሴት ናት። በሩ ላይ ቆማ ወረቀቱን ታየዋለች፤ ማንበብ እንደማትችል ገብቶኝ ግቢ አልኳት። የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ በላስቲክ የተጠቀለለች ብጣሽ ወረቀት አወጣች። 412 ይላል።

«ወንድምዓለም፣ ይህን ቁጥር የሚያውቀው ሱቅ የአንተ ነው አሉኝ።»

ልጇ ቻላቸው መስከረም ላይ ከቋራ ተሻግሮ ነበር። ከዚሁ ሎሪ ላይ ሆኖ በሰው ስልክ ደውሎ ቁጥሩን ነገራት፣ እሷም የቄሱን ልጅ አስጻፈች። ጥቅምት ላይ አንድ ጊዜ ደወለ። ኅዳር ላይ ጠፋ። ከዚያ ታምሬ የሚባል የአገሯ ልጅ ከሥራ ሲመለስ አንድ ወሬ ይዞ መጣ፤ መፋዛ በኩል፣ ሐጅ እስማኤል የሚባል ሰው መሽሩዕ ላይ ኮሌራ ገብቶ አሥራ አንድ የአበሻ ልጆች ሞተዋል፤ እነማን እንደሆኑ ግን አላውቅም አላት። ማሬ እዚያ ድረስ ሄዳለች። አጨዳው አልቆ ካምፑ ባዶ ነው። የቀረው አንድ ዘበኛና አሥራ አንድ የአፈር ጉብታ ነው። ስም የተጻፈበት የለም። ዘበኛውም አዲስ ነው፣ ማን እንደተቀበረ አያውቅም።

«እዚያ የነበረ እንደሆን ልቅሶዬን ልቀመጥ፣» አለችኝ። «ሌላ መሽሩዕ የነበረ እንደሆን ልጠብቀው። የመሽሩዑን ስም ብቻ ንገረኝ። አራት ወር ሙሉ አላለቀስኩ፣ አልጠበቅኩ፤ እንዲህ ሆኖ መኖር ሰው ይችላል?»

«ይኸማ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፣ እታለም» አልኳት። ይህችን ቃል አሁንም ሳስታውሳት አፌን በእጄ መያዝ ያምረኛል።

በርጩማ ሰጥቻት ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ኢሀብ ፕሮግራሙ እንዴት እንደሚነሳ በወረቀት ጽፎልኛል፤ ጥቁሩን መስኮት ክፈት፣ ኖድ ብለህ የፋይሉን ስም ጻፍ ይላል። ጻፍኩ። እንግሊዝኛ ተዘረገፈ። ከዚያ ሁሉ መሃል የገባኝ አንድ ነው፤ ሞጁሉን ላገኘው አልቻልኩም ይላል። ደግሜ ጻፍኩ። ደግሞ ያንኑ አለ። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁት፣ የፋይሉን ስም በትልቅ ፊደል ጻፍኩት፣ በትንሽ ጻፍኩት፣ ኖድን፣ ጃቫስክሪፕቱን የሚያስነሳውን ማለቴ ነው፣ ነቅዬ ፍላሽ ላይ ካስቀመጥኩት እንደገና ጫንኩት። ሁለት ሰዓት ፈጀሁ። ማሬ ከበርጩማው አልተነቃነቀችም፤ የእኔን ፊት ነው የምታየው። እኔም ሰው ፊቴን ሲያየኝ ሥራ አይሆንልኝም፤ ተቆጣሁ፣ ኢሀብን ሰደብኩት፣ ኮምፒውተሩን ሰደብኩት። በመጨረሻ አማል ጋ ሰው ላክሁ።

አማል ከኢሀብ ጋር የተማረች ልጅ ናት፤ ከካርቱም ተፈናቅላ መጥታ እዚህ ሰፈር የተፈናቃይ ልጆች ታስተምራለች። እናቷ አበሻ ናት፣ አማርኛ ትናገራለች፤ ሲያጥራት ወደ ዓረብኛዋ ትገባለች። መጥታ አንዴ አየችውና ሳቀች።

«ዓሚ፣ ይህ እኮ ምንም አይደለም። ፕሮግራሙን የጠራኸው ዴስክቶፑ ላይ ሆነህ ነው፣ ፋይሉ ያለው ደግሞ ፎልደሩ ውስጥ ነው። ኖድ አንተ በቆምክበት ቦታ ነው የሚፈልገው። ጎረቤት ቤት ቆመህ የራስህን ልጅ ብትጣራ ማን አቤት ይልሃል?»

«ሁለት ሰዓት ሙሉ ጎረቤት ቤት ነው የቆምኩት?»

«አይዋ፣ ዓሚ፣ እዚያው ነህ።»

ወደ ፎልደሩ ገብታ ደግማ ጻፈች። ማሬ አንድ ነገር መለወጡ ገብቷት ብድግ አለች። ጥቁሩ መስኮት ትንሽ አሰበና እንደገና ያንኑ እንግሊዝኛ ዘረገፈው። ማሬ ተመልሳ ተቀመጠች።

አማል ግን አልደነገጠችም። «ይኸኛው ሌላ ነው። አሁን የኢሀብን ፋይል አግኝቶታል። ፋይሉ ግን ሌላ ሞጁል ይጠራል፤ ሌላ ሰው የሠራው፣ ኢሀብ ተውሶ የሚሠራበት ዕቃ በለው። እሱ ነው የሌለው። ያ ከባዱ ፎልደር ነው፣ ኢሀብ አውቆ ነው ያወጣው፤ ሁላችንም ስንገለብጥ እንተወዋለን። የሚያስፈልገው ሁሉ ዝርዝሩ እዚህች ፋይል ውስጥ ተጽፏል፤ ኢንተርኔት ባለበት አንድ መስመር ብትጽፍ ራሱ ሄዶ ያመጣቸዋል። መፊ ሙሽኪላ፣ ምንም ችግር የለም።»

ችግሩ ግን ነበረ። ገዳሪፍ ላይ ኔትወርክ ከተቋረጠ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። ፍላሽ ላይ የዓለሙን ዘፈን ሁሉ አለኝ፤ ያ ሞጁል የሚባለው ግን የለኝም። አማልም የላትም፤ ኮምፒውተሯ ካርቱም ቤቷ ውስጥ ቀርቷል፣ ቤቷም ይኑር አይኑር አታውቅም።

«ኢንተርኔት የሚመልሰው የተዋሰውን ብቻ ነው፣» አለች አማል ልትነሳ ስትል። «የኢሀብ የራሱ የሆነው ሌላ ቦታ የትም የለም። ኡማል የሚል ፎልደር ነበረው፣ ሠራተኞቹ ያሉበት። አለ?»

ፈለግኩ። «ይኸው፣ አለ» አልኳት፤ በጣቴም አሳየኋት። ክፈተው ልትለኝ አፏን ስትከፍት ይመስለኛል መብራት የሄደው። የኮምፒውተሬ ባትሪ የሞተ ነው፣ አብሮ ጠፋ። ተማሪዎቿም ይጠብቋት ነበር። የምጽፈውን መስመር በወረቀት ጽፋልኝ ሄደች።

ገላባት ላይ የመተማ ኔትወርክ ይገባል። የኢትዮጵያ ሲም ስልክ ውስጥ አድርጎ ኬላው አጠገብ የተቀመጠ ሰው ኢንተርኔት ያገኛል፣ አንድ ቀን ይመጣል አንድ ቀን ይጠፋል እንጂ። ማታ ለባሕሪያ ነገ ሱቅ አልከፍትም፣ ገላባት እሄዳለሁ አልኳት። በረመዷን ደግሞ ምን ልታደርግ አለችኝ። የማሬን ነገር ነገርኳት። ባትሪው የማይሞት የወንድሟን ላፕቶፕ ሄዳ ለምና አመጣችልኝ። መብራት ሲመጣ ኖድን ከፍላሹ ጫንኩበትና የኢሀብን ፎልደር ወደሱ ገለበጥኩት። ቶሎ ነው ያለቀው፣ በጣም ቶሎ። ያን ጊዜ ልብ ማለት ነበረብኝ፤ ስድስት መቶ ሰው ያለበት ነገር እንዲህ አይቀልም። እኔ ግን ደስ አለኝ።

ረቡዕ ጠዋት ኬላ ላይ እንዳይወስዱብኝ ላፕቶፑን ሰሊጥ ካለበት ጆንያ ውስጥ ቀብሬ ከማሬ ጋር አውቶቡስ ተሳፈርን። እኔ ረመዷን፣ እሷ ሁዳዴ፤ ሁለት ጾመኛ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን ውሃ የሚያቀርብልን አጣን። ስለ ቻላቸው ታወራኝ ጀመር። ሰሊጥ ሲያጭድ የሚቀድመው የለም አለችኝ። ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል፤ የፊት ጥርሱን በቅሎ ረግጣው አንዱ ጎድሏል። ዶካ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም ወርዳ ጥላ ሥር የተቀመጡትን የቀን ሠራተኞች ጥርሱ የጎደለ ልጅ አይታችኋል ወይ እያለች አንድ በአንድ ጠየቀች። ሹፌሩ ጥሩንባ ነፋባት። ተመልሳ ከጎኔ ተቀመጠች።

ገላባት ስንደርስ ስድስት ሰዓት ሆኗል። ኮሩን፣ ድንበሩ ላይ ያለውን ደረቅ ወንዝ፣ ተሻግሮ የመተማ ቆርቆሮ ጣሪያ ይታያል። ለማሬ አገሯ በዚያ በኩል ነው፤ ድልድዩን ብትሻገር ማታ ከአገሯ ሰው ጋር ታድራለች። አንዲት ሻይ ሻጭ ዳስ ሥር ተቀመጥን፣ ሻይ ባንጠጣም ሴትየዋ አበሻ ናትና ተቀመጡ አለችን። ስልኩን ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቼ የአማልን መስመር ጻፍኩ። ሄደ። ግማሽ ላይ ኔትወርኩ ተቆረጠ። ደግሜ ጻፍኩ፣ ሄደ፣ ተቆረጠ። ስልኩን ዱላ ላይ አስሬ ዳሱ ጣሪያ ላይ ሰቀልኩት። በአራተኛው ነው ያለቀው፤ ይህን ያህል ጨምሬያለሁ ብሎ ቁጥር ጻፈና ቆመ። እኔም አላመንኩም። ፕሮግራሙን ጠራሁት። ምንም ስህተት አላለም።

አንድ ገጽ ተከፈተ። ከላይ ኢሀብ የጻፈው አማርኛ አለ፣ «ቁጥሩን ያስገቡ» ይላል። ከሥሩ ባዶ ሳጥን። ልጁን እዚያው ላቅፈው ምንም አልቀረኝም።

«አገኘኸው?» አለች ማሬ።

«አገኘሁት፣ እታለም። ነይ፣ አንቺው ተጫኚው።»

412 ብዬ ጻፍኩላት። አማተበች፣ ጣቷን በነጠላዋ ጠረገች፣ የጠቆምኳትን ቁልፍ ተጫነች።

ጥቁሩ መስኮት ላይ ቀይ ጽሑፍ ወጣ። ይህ እንደበፊቶቹ አይደለም። ሞጁል አላለም። እንዲህ ያለ ፋይል ወይም ፎልደር የለም ነው ያለው፤ ከዚያም የፈለገበትን መንገድ እስከ መጨረሻው ጽፏል፤ ኡማል፣ ከዚያ 412፣ ከዚያ የመረጃው ፋይል። እኔም አሁን ተምሬያለሁና ጎረቤት ቤት ቆሜ ይሆናል ብዬ የቆምኩበትን አየሁ። ትክክል ነው የቆምኩት። ኡማልን ከፈትኩት። ባዶ ነው። 412 የለም፣ 411ም የለም፣ አንድም የለም።

ከፎልደሩ አጠገብ ውስጡ መጨረሻ የተነካበት ቀን ይጻፋል፤ ሲገለበጥም ቀኑ አብሮት ሄዷል። አየሁት። ኢሀብ በሄደ በሦስተኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል።

ወዲያው ነው ያወቅኩት። ሰው ቢያስመስል ምን ዋጋ አለው፤ ወዲያው ነው ያወቅኩት። ያን ሐሙስ ዐስር ሰግጄ ተቀምጬ ኮምፒውተሬን ስፈትሽ የሰው ፊት መዓት አገኘሁ። ወንድ አለ፣ ሻሿን የፈታች ሴት አለች፣ ፀሐይ ዓይናቸውን አጨፍኗቸው ግንባራቸውን የቋጠሩ አሉ። ይህ ልጅ ምን ነካው፣ የሰውን ሁሉ ፊት እኔ ላይ ጥሎ የሚሄደው አልኩ። የሰው አደራ ነው፣ ሱቄ ውስጥ አያድርም አልኩ። እንዳለ ጠረግኩት፤ ከላዩም ዜሮውን ሦስት ጊዜ አስጻፍኩበት። ከዚያ በሩን ቆልፌ፣ ልቤ ንጹሕ ሆኖ፣ ለባሕሪያ ቲማቲም ገዝቼ ቤቴ ገባሁ። ከእነዚያ ፊቶች አንዱ አፉን በእጁ የሸፈነ ልጅ ይሆናል። አላስታውስም። በየሐሙሱ ፊት አያለሁ፣ አንዱንም አላስታውስም።

ማሬ ታየኛለች። ሁለት ውሸት አጠገቤ ነበር። ዶካ በኩል ነው ያለው ልላት እችላለሁ፤ ትጠብቀዋለች፣ በተስፋ ታረጃለች። ኮምፒውተሩ ተበላሸ ልላት እችላለሁ፤ እኔን አመስግና ትሄዳለች። አልዋሽም፣ ሁለተኛው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ መለስኩት። ጾሜን ፈራሁ መሰለኝ። ወይም እሷን ፈራሁ።

«እታለም፣ የለም። ኢሀብ አስቀምጦት ነበር። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ሳላውቅ ነው። ግን እኔ ነኝ።»

ስለ ሐሙሱ ነገርኳት፣ ስለ ወረቀቱ ነገርኳት፣ ስለዚያች ጋብቻዋ ስለፈረሰባት ልጅ ሁሉ ነገርኳት። ለምን ያን ሁሉ እንዳወራሁ እንጃ። እሷ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ተመልሶ አይወጣም?»

«አይወጣም። እንዳይወጣ አድርጌ ነው ያጠፋሁት።»

«ፎቶውስ?»

«ፎቶውም አብሮ ነው።»

እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገች። «ሌላ ፎቶ እኮ የለውም» አለች። «ተነስቶ አያውቅም። ዛሬ ፎቶ አነሱኝ፣ ሳቅ አሉኝ፣ ጥርሴ እንዳይታይ እምቢ አልኩ ብሎ በስልኩ ሲስቅ ነበር። እኔ እኮ ከስሙ ጋር እሱን ያሳየኛል ብዬ ነው የመጣሁት። አልነገርኩህም እንጂ።»

ብትሰድበኝ እወድ ነበር። ሻይ ሻጯ ሰምታ ኖሮ እሷ ናት ያለቀሰችው። ማሬ አላለቀሰችም። ላልቅስ ብትል ማንን ብላ ታለቅሳለች፣ ልጠብቅ ብትልስ ማንን። የመጣችው እኮ ይህን ለማወቅ ነበር፤ እኔ ነኝ ለዘላለም የዘጋሁባት። 

ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበርና ሻይ ሻጯ ዳቦና ፉል አምጥታ ብዪ አለቻት። ማሬ ዳቦውን ቆረሰች፣ ግማሹን ለመንገድ ነጠላዋ ውስጥ ቋጠረች። እኔ በድልድዩ ላሻግርሽ፣ ኬላው ላይ ሰው አውቃለሁ አልኳት።

«አልሻገርም። ወደ አሥራ አንዱ ነው የምመለሰው።»

«እዚያ መሆኑን በምን አወቅሽ?»

«አላወቅኩም። የእኔ ባይኖርበትም አሥራ አንዱም የእናት ልጅ ነው። ያለቀሰላቸው የለም፣ ዘበኛው እንኳ ስማቸውን አያውቅም። እነሱን ላልቅስላቸው፤ የእኔም ካለበት ይደርሰዋል።»

ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ እኔ ዞረች።

«እስቲ አንሳኝ።»

«ምን?»

«ፎቶ አንሳኝ። እዚያ ካልነበረ፣ አንድ ቀን በዚያ ሎሪ ቢመለስ፣ ሱቅህን ያውቀዋል። መጥቶ ቢጠይቅህ አሳየው። እናትህ እዚህ ድረስ መጥታ ነበር በለው። እኔንም አታጥፋኝ እንግዲህ።»

የመጨረሻዋን ያለችው ያለ ክፋት ነው፤ እንደ ዕቃ አደራ፣ እንዳትረሳ እንደሚባለው። ስልኩን ከጣሪያው አውርጄ አነሳኋት። የመጀመሪያው ደበዘዘ፤ ደግሜ አነሳሁ። ወደ ዶካ የሚመለስ ባዶ ሎሪ ነበር። ሹፌሩን ለምኜ ከፊት አስቀመጥኳት። ከዶካ እስከ መፋዛ በምን እንደምትሄድ አላውቅም። ሎሪው እስኪጠፋ ቆሜ አየሁት፣ ከዚያም እኔ ብቻዬን ገዳሪፍ ገባሁ።

በማግስቱ ሐሙስ ነበር። ሱቄን ከፈትኩ። ራሒማ የምትባል ደንበኛዬ የልጇን ስልክ ይዛ መጣች፣ ስክሪኑ ተሰብሯል። ወረቀቱን አየት አድርጋ፣ «አንተ ስላለህ ነው እንጂ የልጄን ስልክ ለማንም አልሰጥም ነበር» አለችኝ። አሚን ብዬ ስልኩን ተቀበልኳት። ወረቀቱን ልቅደደው ብዬ ተነስቼ ነበር፣ ተውኩት። ሴቶቹን ምን አደርጋቸዋለሁ፤ ለእነሱ አሁንም እውነት ነው።

ዐስር ሰግጄ ተቀመጥኩ። የሰውን ፎቶ ሁሉ እንደልማዴ ጠረግኩ፣ የማሬ ሲቀር። አማል ከገላባት በገባሁበት ማታ መጥታ ሁሉን ሰምታለች፤ አልሳቀችም፣ «ዓሚ፣ ከፍቼ ማየት ነበረብኝ» ብላ ጥፋቱን ልትካፈለኝ ሞከረች። አይካፈልም። ገላባት ላይ ያወረድኩትን ሞጁል ወደ ሱቁ ኮምፒውተር ገልብጣ ባዶው ኡማል ውስጥ አንድ ፎልደር ከፈተችልኝ፣ ስሙን 412 አልነው። የመረጃውን ፋይል እንደ ኢሀብ አድርጋ ጻፈችና የማሬን ፎቶ ከጎኑ አስቀመጥን።

አሁን ፕሮግራሙ ይሠራል። ማንም መጥቶ 412 ቢል ስህተት አይልም። የማሬ ፊት ይመጣል፤ ከሥሩ ስም፣ ቻላቸው፣ አገር፣ ቋራ። መሽሩዕ ከሚለው ፊት ለፊት ያለውን ቦታ አማል ምን ልጻፍበት አለችኝ። ባዶውን ተይው አልኳት።